የዘሃራ ፎቶ፦ ከደሴ እስከ ዋጃ

ከደሴ የተነሳሁት ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነው። የጉዞዬ ዓላማ የራያን ማሽላ ከመታጨዱ በፊት ፎቶ ማንሳት ነበር። ይህን ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም። ስልሳ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ ነርስ ማሽላ ፎቶ ልታነሳ ቆቦ ድረስ ትሄዳለች ሲባል ማን አይስቅም?

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ጡረታ ስወጣ ቀኑ ረዘመብኝ። አንድ ፎቶ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጀማሪዎች ትምህርት እንደሚሰጥ በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁና ገባሁ። አብረውኝ የሚማሩት የልጆቼ እኩዮች ናቸው። እነሱ ሰርግና ምርቃት እያነሱ ሊተዳደሩበት ነው። አስተማሪው እኔን ለምን እንደምማር ሲጠይቀኝ "ደስ ስለሚለኝ" አልኩት። ሁለተኛ እጅ ካሜራ ገዛሁ። ልጄ አየውና "እማዬ፣ ስልክሽ አያነሳም እንዴ?" አለኝ። ያነሳል። ግን ስልክ ሲይዙ ሰው ይደውላል፤ ካሜራ ሲይዙ ማንም አይደውልም።

መጀመሪያ አበባ አነሳሁ፣ ቀጥሎ የጦሳን ተራራ፣ ቀጥሎ ደመና። ብርሃን ከየት እንደሚመጣና የት ላይ እንደሚያርፍ ማስተዋል ለመድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ መስኮት ዳር ቆሜ መድኃኒት ስቀዳ ብርሃኑን አንድም ቀን እንዲህ ልብ ብዬው አላውቅም። ሰው ማንሳት ግን አቃተኝ። ወደ ሰው ፊት ካሜራ ሳዞር እጄ ይከብደኛል።

ራያን የመረጥኩት በወጣትነቴ ቆቦ ጤና ጣቢያ ስለሠራሁ ነው። የዚያን ጊዜው ሾፌራችን ጋሽ ሰይድ እስከ ዛሬ ይደውልልኛል። ዘንድሮ ሲደውል "ማሽላው ደርሷል ሲስተር፣ አሏህ አብዝቶ ሰጥቶናል። ያን የምትይውን ካሜራ ይዘሽ ነይ" አለኝ። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። ቆቦ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ሲስተር ነው የሚለኝ።

ከደሴ እስከ ጎብዬ

ሚኒባሱ እስኪሞላ መነኸሪያው ውስጥ ረዘም ያለ ጊዜ ጠበቅን። ሐይቅን ስናልፍ ውኃው ላይ ጉም ተኝቶበታል። ካሜራዬን ከቦርሳዬ ማውጣት አማረኝ፤ ግን መስኮቱ በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር ተውኩት። ውጫሌንና መርሳን አልፈን ወልድያ ገባን። እዚያ የጾም በየዓይነቱ በልቼ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሌላ መኪና ያዝኩ።

ከወልድያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሽንኩርት ነጋዴ ቦርሳዬን አቅፌ መያዜን አይታ "ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የምትሳሺለት?" አለችኝ።

"ካሜራ ነው።"

"ጋዜጠኛ ነሽ?"

"ጡረተኛ ነኝ" አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ኬላ ስንደርስ አታውጪው። ድልድይም አታንሺ። ሰው ደግሞ ሳትጠይቂ እንዳታነሺ፤ ያሳለፍነውን ታውቂዋለሽ" አለችኝ። አመሰገንኳት። የቦርሳዬን ዚፕም እስከ ላይ ዘጋሁት።

ጎብዬ ስንደርስ ሾፌሩ ሻይ እንጠጣ ብሎ አቆመ። የገበያ ቀን ነበር። ከየቀበሌው የመጡ ገበሬዎች መንገዱን ሞልተውታል። ፓፓያ በሃምሳ ብር ገዛሁ፤ ሻጯ እዚያው ቆርጣ በሎሚ ሰጠችኝ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ ጨው የጫነች ግመል ይዘው ቆመዋል። ቀረብ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና ላንሳዎት ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ግመሏን አንሺያት፣ እኔን ተዪኝ" አሉ።

"ለምን አባቴ?"

"ግመሏ ምን አለባት? ፎቶዬን የት ይወስዱታል ብላ አታስብም።"

ግመሏን አነሳኋት። ፎቶው ላይ የሽማግሌው እጅ ብቻ ከገመዱ ጋር ገብቷል። አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩትና "እጄን ግን ሰረቅሽኝ" ብለው ፈገግ አሉ።

ቆቦ

ሮቢትን አልፈን ቆቦ ስንገባ ፀሐይዋ በግራችን ወደ ላስታ ተራሮች ዞራ በቀኛችን ያለውን የዞብልን ተራራ ፊት ለፊት ታበራዋለች። ጋሽ ሰይድ መነኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሽርጡ ንጹሕ፣ ጺሙ ነጭ፣ ትከሻው ግን ከማውቀው በላይ የጎበጠ። ባለቤቱ ሩቅያ ያረፈችው ዓምና ነው። ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና። እንደተገናኘን እጁን ይዤ "አሏህ ይዘንላት" አልኩት።

"አሚን። አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ ቦርሳዬን ተቀበለኝና ስለ ማሽላው ማውራት ጀመረ።

አብራው የምትኖረው ልጁ ሰዓዳ ናት። ከተማው ውስጥ አስተማሪ ናት። ጾም ላይ መሆኔን አስባ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ በጎኑ ቲማቲም በቃሪያ አቅርባ ጠበቀችኝ። ቤቱን ስመለከት አንድ ነገር ጎደለብኝ። ድሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረው የሰርጋቸው ፎቶ የለም። ሩቅያ ወጣት ሆና፣ ሰይድ የተበደረውን ኮት ለብሶ የተነሱት ነበር። ዓይኔ የት እንደሄደ ሰዓዳ አየች።

"በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ ሄደ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሳጥኑን ከነእናቴ መታወቂያ ነው የወሰዱት። የእሷ ፎቶ የሚባል አንድም የለንም።"

ሩቅያ ስልክ አትወድም ነበር፤ ካሜራ ስታይ ደግሞ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ትስቅ ነበር። ይህን እኔም አስታውሳለሁ። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ለባሏ ምሳ ስታመጣ ለእኔም አንድ ሳህን ትጨምርልኝ ነበር።

ማሽላው ውስጥ

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ወደ እርሻው ወሰደኝ። የሄድነው የጎሊናን አሸዋ ተሻግረን ነው። ወንዙ በዚህ ወራት ቀጭን ነው፤ ጫማ አውልቆ መሻገር ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ማሽላ ነው። ቁመቱ ከሰው በላይ፣ ራሱ ነጭም ቀይም ሆኖ ወደ ታች ተደፍቷል። በየቦታው ከእንጨት የተሠሩ ማማዎች አሉ። ገበሬዎቹ እዚያ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ወንጭፉ በጮኸ ቁጥር ወፎቹ እንደ ጨርቅ ተነስተው ሌላው ማሳ ላይ ይወርዳሉ፤ እዚያም ሌላ ወንጭፍ ይጮኻል።

ፀሐይዋ በዞብል ላይ ስትወጣ ብርሃኑ በማሽላው ራስ መሃል እየተንሸራተተ መጣ። መሬት ላይ ተንበርክኬ አነሳሁ። ጉልበቴ አመመኝ፤ ቢሆንም አነሳሁ። አስተማሪዬ ብርሃንን ከፊት አድርጎ ማንሳት ይከብዳል ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ግማሹ ጠቆረብኝ፣ ግማሹ ነጣብኝ። ሦስት አራቱ ግን የዕድሜ ልክ ደስታ ሰጡኝ። ጋሽ ሰይድ ጥንቅሽ እየላጠ ያቀብለኛል፤ እኔ በአንድ እጄ ካሜራ በአንድ እጄ ጥንቅሽ ይዤ እመጥጣለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል አልዋሽም።

ጥላ ፈልገን ስንቀመጥ ፎቶዎቹን በካሜራው መስታወት አሳየሁት። አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ካሜራውን መልሶ ሰጠኝና መሬት መሬት እያየ "ሲስተር፣ ሰው ታነሻለሽ?" አለኝ።

"እየተማርኩ ነው። ገና ነኝ።"

"አንድ ሰው ብታነሺልኝ ብዬ ነበር።"

"ማንን?" አልኩት።

"የሩቅያን እህት ዘሃራን ታውቂያታለሽ አይደል? ዋጃ ያለችውን። ቁርጥ ሩቅያን ነው የምትመስለው። ሩቅያ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው ሲስተር። ድምፅዋን እሰማለሁ፣ አረማመዷን አውቃለሁ፣ ፊቷን ግን ሳስበው ይሸሸኛል። የዘሃራን ፎቶ ባገኝ በሱ አስታውሳት ነበር።"

"ራስህ ለምን አትጠይቃትም?"

"የሰው ሚስት ናት እኮ። ሚስት የሞተችበት ሰው የሚስቱን እህት ፎቶ ስጡኝ ቢል ሰው ምን ይላል? አንቺ ሴት ነሽ። ሂጂና የቤቱን ሰው ሁሉ አንሺ፤ እሷም አብራ ትገባለች። ምንም አትንገሪያት።"

እሺ አልኩት። ያን ጊዜ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ወደ ዋጃ

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን በሚኒባስ ወደ ዋጃ ሄድኩ። መንገዱ ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ማሽላ፣ አልፎ አልፎ በጉድጓድ ውኃ የሚለማ ሽንኩርት። የዘሃራ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩን ሳንኳኳ የወጣችው ሴት ልቤን አስደነገጠችው። ሩቅያ ራሷ ናት። የፊት ጥርሶቿ መሃል ያለው ፍንጭት፣ ሻሿን በአንድ ጣት ወደ ኋላ የምትገፋበት አኳኋን፣ ሁሉም።

"ሲስተር!" ብላ አቀፈችኝ። "እኔማ የሞትሽ መስሎኝ።"

ባሏ ሑሴን ግቢው ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ ይሰፋ ነበር። ተነስቶ እጄን ሳመኝ። ሻይ ቀረበ፣ ቆሎ ቀረበ። ካሜራዬን ሳወጣ ሁለቱም ሳቁ። የቤቱን ሰው ላንሳ ስላቸው ዘሃራ ግድግዳው ሥር በርጩማ አስቀመጠች፤ ልብሷን አስተካከለችና ተቀመጠች። ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ከፊት ለፊቷ ያለው ሌላ ነጭ ግድግዳ ብርሃን እየመለሰ ፊቷን አለስልሶታል።

ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሳ "ሰይድ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"ከሰደቃዋ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። እህቴ ስትሞት እኛም የሞትን መሰለው? ምን አስቀየምነው? ሑሴን ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄዷል፤ ሰውዬው ደህና ናችሁ ወይ ይልና ወሬውን ይቆርጣል።"

ይህን ስትል በሌንሱ ውስጥ እያየኋት ነበር። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ ፊቷ ግን ለፎቶው ብሎ ፈገግ እንዳለ ነው። ጣቴ የማንሻው ቁልፍ ላይ ነበር። ብጫነው ጋሽ ሰይድ የጠየቀኝን አደርስለታለሁ። እሷ ግን ለማን እንደተነሳች ሳታውቅ ትቀራለች። ካሜራውን አወረድሁት።

"ዘሃራ፣ እዚህ የላከኝ እሱ ነው" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሰርጉ ፎቶ መጥፋቱን፣ የሩቅያ ፊት እየጠፋበት መሆኑን፣ አትንገሪያት ማለቱን።

ዘሃራ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ሑሴን መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ቁጭ ብሎ ቀረ። ተቆጣ ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ቆይቶ "እንግዲያ እኛን ጠልቶ አይደለም የቀረው። ፊቷን ፈርቶ ነው" አለ።

ዘሃራ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። "ፎቶዬን አትውሰጅለት" አለችኝ። "እኔ ሩቅያ አይደለሁም። እኔም እኮ እህቴ ሞታብኛለች፤ ከማን ጋር ላልቅስ? ፊቴን ከፈለገ ይኸው ዋጃ ነው፣ በእግሩ ይምጣ።"

"እንዲህ ልበለው?"

"እንዲሁ በይው። ምሳ እሠራለሁም በይው።"

ተመልሶ ቆቦ

ጋሽ ሰይድ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ካሜራውን አየ፣ ፊቴን አየ። የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኩት። ጆሮው ሥር ቀላ። "አትንገሪያት ብዬሽ ነበር" አለ። አልጮኸም። ጥምጣሙን አስተካክሎ ለመግሪብ ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ፤ ሲመለስም አላናገረኝም። ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። ሰዓዳ "አብሽሪ ሲስተር፣ ያልፍለታል" አለችኝ። እኔ ግን ለካሜራ ብዬ የስንት ዓመት ወዳጅ ያጣሁ መሰለኝ።

ጠዋት ተነስቼ ብቻዬን ወደ ማሽላው ልሄድ ስል ጋሽ ሰይድ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አዲስ ሽርጥ ለብሷል፤ አንድ ኪሎ ስኳርና ሰዓዳ የጠቀለለችለትን ሳሙና በፌስታል ይዟል።

"ምሳ እሠራለሁ ነው ያለችው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሰው ምሳ ሠርቶ ጠብቆ እንዴት ይቀራል?" አለና ወደ መንገዱ ቀደመኝ።

ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ አብረን ዋጃ ደረስን። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ዘሃራ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። ጋሽ ሰይድ አንድ ጊዜ አያትና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። አለቀሰ። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ግን ቀስ ብላ ተራመደችና ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለችው።

"ግባ ሰይድ። እያየኸኝ ልመደኝ" አለችው።

ሑሴን እጁን ይዞ ጎኑ አስቀመጠው። ምሳ ቀረበ፤ ለእነሱ በሥጋ፣ ለእኔ በምስር። መጀመሪያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተወራ፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ። ከዚያ ጋሽ ሰይድ በድንገት "ሩቅያን ላጭ የመጣሁ ዕለት ዘሃራን ነው ሩቅያ ብዬ ሰላም ያልኳት" አለ።

"ወላሂ እውነቱን ነው" አለች ዘሃራ። "ሩቅያ መጋረጃው ጀርባ ሆና እየሳቀች፣ እኔ እሷን መስዬ ዝም አልኩት። ስኳር አብዝቼ ሻይ ሰጠሁት።"

"ያን ሻይ ጠጥቼ ነው ጥርሴን ያመመኝ።"

ሦስቱም ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ካሜራዬን ይዤ "ላንሳችሁ?" አልኩ። ዘሃራ ወደ እኔ ዞረች። "እኔን ራሴን አርገሽ ካነሳሽኝ አንሺኝ" አለች። ሑሴን "እኔስ ልግባ?" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ተጠጋ።

ከዚያ በፊት ሰው እንዲያ ቀርቤ አላነሳሁም። ክንዴን ብዘረጋ እነካቸው ነበር። እጄ ግን አልከበደኝም፤ ሁሉም ማን እንደሚያነሳቸውና ለምን እንደሚያነሳቸው ያውቃሉ። ጋሽ ሰይድ ወደ ካሜራው አላየም፤ ዘሃራን እያየ ነበር። እሷ ስለ ሻዩ የጀመረችውን ትጨርሳለች፤ ሑሴን መሃላቸው አንገቱን አስግጎ ካሜራውን አፍጥጦ ያያል። ቁልፉን ተጫንኩ።

መስታወቱ ላይ ሳሳየው ጋሽ ሰይድ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ መልሶ አራቀው።

"ሩቅያን አትመስልም" አለ ተገርሞ። "ሩቅያ አገጯ ሰፋ ይላል። ስትስቅ ዓይኗ ይዘጋል። ይቺ ዘሃራ ናት።"

"ስነግራችሁ" አለች ዘሃራ።

"አገጯ ሰፋ ይላል" አለ እንደገና፣ ለራሱ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። ማናችንም ምን እንዳየ አልጠየቅነውም።

ወደ ቤት

በማግሥቱ ከቆቦ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ሰዓዳ አንድ ፌስታል እሸት ማሽላና ሎሚ አሸክማኛለች። ደሴ ስገባ ብርዱ ጠበቀኝ፤ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ስሄድ የማሽላዎቹን ፎቶ ሁሉም ወደደልኝ። አስተማሪው የዋጃውን ሲያይ የጋሽ ሰይድ ጆሮ መቆረጡንና ከጀርባ ያለው ገመድ መግባቱን ነቀፈ። ልክ ነው፤ ገመዱን አላየሁትም ነበር።

ይህ ጉዞ ካስተማረኝ ትልቁ ነገር ካሜራን መቼ ማውረድ እንዳለብኝ ነው። ብርሃኑንና ሌንሱን ገና እማራለሁ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ብዙ ቅዳሜ አለ። ዋጃ በሄድኩ በመጀመሪያው ቀን ግን ቁልፉን ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ሰይድ አንዲት ወረቀት ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ ዘሃራም ደጇን እያየች ትኖር ነበር።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ፣ መስታወት ውስጥ አስገብቼ፣ በሚያውቀኝ ሾፌር ወደ ቆቦ ለጋሽ ሰይድ ላክሁለት። ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። ድምፁ ጠርቷል። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ መውጣቱን፣ ሰዓዳም ደህና መሆኗን ነገረኝ።

"ፎቶውን የት ሰቀልከው?" አልኩት።

"ዘሃራ ቤት።"

"ለአንተ ብዬ አልነበር የላክሁት?"

"ለእኔ ነው" አለ። "ማየት ስፈልግ እሄዳለሁ።"